ዛንዚባር ደርሶ የመጣው የደሴ ጋዋን

ዛንዚባር ሆስፒታል ለአንድ ወር አታችመንት (የተግባር ልምምድ) እንደሄድኩ የሰሙ ጁኒየሮች ሁሌ የሚጠይቁኝ "ምን ይዤ ልሂድ?" ነው። መልሴ ደግሞ ከጋዋን ነው የሚጀምረው። ለሁሉም በየተራ ከማወራ እዚሁ ልጻፈው። ደሴ ፒያሳ አካባቢ ባለች አንዲት ጠባብ የስፌት ቤት ነው ያሰፋሁት። ጨርቁንም ስፌቱንም ጨምሮ 1,400 ብር ከፈልኩ።

የሄድኩት ጥር ላይ ነው። የጥር ጠዋት ደሴ ላይ ምን እንደሚመስል ታውቃላችሁ፤ ከጦሳ ተራራ የሚወርደው ብርድ ሹራብ ላይ ሹራብ ያስደርባል። የነበረኝ ጋዋን ከሱቅ የተገዛ ወፍራም ፖሊስተር ነው። ለእኛ ዋርድ ምንም አይልም። አንዲት ሲኒየሬ ግን "እሱን ለብሰሽ እዚያ ከሄድሽ ትቀቀያለሽ" አለችኝና ወደ ሰፊው ላከችኝ።

ጋሼ (ስማቸውን ሳይፈቅዱልኝ አልጽፍም) ሜትሩን ከአንገታቸው ሳያወርዱ መጀመሪያ የጠየቁኝ የት እንደምሠራበት ነው። ደሴት ላይ፣ ሙቀት አገር፣ አልኳቸው። "እንደ ኮምቦልቻ?" አሉኝ። ከኮምቦልቻም ይብሳል፣ ባሕሩ ስላለ ላቡ ራሱ አይደርቅም አልኳቸው። ዝም ብለው ቆዩና ያወጡትን ጨርቅ መልሰው አስቀመጡት። ሌላ አመጡ፤ ስስ ግን የማያሳይ ንጹሕ ጥጥ። ጥጥ ሳይታጠብ ከተሰፋ በኋላ ይሰበሰባል ብለው መጀመሪያ አጥበው፣ አድርቀው፣ ተኩሰው ነው መቀስ ያሳረፉበት።

አሁን ስለ እጅጌው፤ በጣም የወደድኩት እሱን ነው። ሂጃብ ነው የምለብሰው፣ ክንዴን ገልጬ መሄድ አልፈልግም። ዋርድ ውስጥ ደግሞ ረጅም እጅጌ ከበሽተኛ በሽተኛ ጀርም ይዞ ይዞራል፣ እጅንም በደንብ አያስታጥብም። እንግሊዞች እ.ኤ.አ. በ2007 ሐኪሞቻቸው ከክርን በታች ባዶ እንዲሆኑ መመሪያ ያወጡት ለዚሁ ነው። ይሄንን ሳስረዳቸው ጋሼ "አብሽሪ፣ መላ አለው" አሉኝ። እጅጌውን እስከ አንጓ አደረጉትና ከውስጥ በኩል ጥብጣብ፣ ከክርን በላይ ደግሞ ቁልፍ ሰፉለት። እጄን ስታጠብና በሽተኛ ሳይ ጠቅልዬ እቆልፈዋለሁ፣ ስወጣ እለቀዋለሁ። በአንዲት ቁልፍ ሁለቱም ጭንቀቴ ተቃለለልኝ።

ዛንዚባር አውሮፕላኑ በሩን ሲከፍት የመታኝ ነገር አክንባሎ ሲነሳ ከምጣድ የሚወጣው እንፋሎት ነው። ጠዋት የሀረጎን ቁልቁለት ወርጄ ኮምቦልቻ አውሮፕላን ማረፊያ ስደርስ ጃኬት ለብሼ ነበር። ጥርና የካቲት እዚያ የሙቀት ወቅት ነው፣ እና እኔ ያደግኩት 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ነው። ማታ ስቶን ታውን (የድንጋይ ከተማ) በሚባለው አሮጌው ሰፈር ባለችው ክፍሌ ሆኜ አዛን ስሰማ ግን ለአፍታ ደሴ ሸዋ በር ያለሁ መሰለኝ። አልዋሽም፣ አለቀስኩ።

በማግስቱ ምናዚ ምሞጃ ሆስፒታል ገባሁ። ስሙ በስዋሂሊ አንድ የኮኮናት ዛፍ ማለት ነው፣ ባሕሩ ደግሞ ቅርብ ነው። እዚያ ሰዓት የሚቆጥሩት እንደኛ ከንጋት ነው፤ "ሳ ሞጃ" ካሏችሁ ከጠዋቱ 1 ሰዓት ነው። ታላቅን "ሺካሞ" ብላችሁ ሰላም በሉ፣ "ማራሃባ" ይሏችኋል። አንድ ነገር ልብ በሉ፤ "ሀኪም ነኝ" አትበሉ፣ እነሱ ጋ "ሀኪሙ" ዳኛ ነው። ሐኪም "ዳክታሪ" ነው። እነዚህን ቃላት የጻፍኩባት ደብተር ሙሉውን ወር የኖረችው ጋሼ ሰፋ አድርገው በሰፉት የጎን ኪስ ውስጥ ነው። ለታመመ ሰው "ፖሌ" ይላሉ። እኛ "አይዞህ" የምንለው ቦታ ላይ የምትገባ ቃል ናት፣ ከሁሉ በፊት እሷን ልመዱ።

ሲክል ሴልን፣ በዘር የሚወረሰውን የደም ሕመም፣ እስከዚያ ድረስ የማውቀው ከመጽሐፍ ነው። እዚያ በሕመሙ የሚጮህ ልጅ አልጋ አጠገብ ቆምኩ። የሚገርመው፣ ወባን ራሷን ስርጭቷን ከ1 በመቶ በታች አውርደዋታል፤ ከአንድ ወላጅ ብቻ ሲወረስ ከወባ ስለሚከላከል ወባ ባለበት አገር በትውልድ የቆየው ይሄ የደም ውርስ ግን አብሮ አልሄደም። ልጁን ይዤ፣ እጅጌዬ ተጠቅልሎ፣ ላቤ በጀርባዬ እየወረደ፣ ስለ ልብሴ አንዴም አላሰብኩም። ጋዋን እንዲህ ሲሆን ነው ጥሩ የሚባለው። አብራኝ የነበረች የሌላ አገር ተማሪ ፖሊስተር ነበር የለበሰችው፤ አንገቷ ዙሪያ ሽፍ ብሎባት በሦስተኛው ቀን አወለቀችው።

ማታ ማታ አጥቤ ፋን ስር እሰቅለዋለሁ፣ ጠዋት ደርቋል። ወሩን ሙሉ እንዲህ ሆኖ ስፌቱ የትም አልተተረተረም። አንዲት ነርስ እጅጌውን እያገላበጠች "ፉንዲው ማነው?" አለችኝ። ፉንዲ ባለሙያ ማለት ነው፣ ሰፊንም ይሉታል። ደሴ ነው ያለው አልኳት፣ በጣም ነው የኮራሁት።

እንከን አለው። ሐሙስ ይደርሳል የተባለው ቅዳሜ ነው የደረሰው፣ እኔ ደግሞ ለመንገድ አራት ቀን ነበር የቀረኝ። የደረት ኪሱ አጭር ስለሆነ ጎንበስ ስል እስክሪብቶ ይወድቃል። አንድ ቁልፍ በሁለተኛው ሳምንት ወለቀ። አንድ ጋዋን ብቻ ማሰፋቴ ደግሞ የራሴ ጥፋት ነው፣ እናንተ ሁለት አሰፉ።

ስመለስ ይዤው ሄድኩ። ጋሼ ስለ ጉዞዬ ከመጠየቃቸው በፊት የእጅጌውን ቁልፍ ጎትተው አዩ። ስለ ኪሱ ስነግራቸው እዚያው ተርትረው አራት ጣት ያህል አስረዘሙት፣ ገንዘብም አልተቀበሉኝም።

የምትሄዱ ከሆነ ከጉዟችሁ ቢያንስ ሁለት ሳምንት ቀደም ብላችሁ እዘዙ። የቢጫ ወባ ክትባታችሁንም በዚያው ጊዜ ተከተቡ፣ ካርዱ የሚሠራው ከ10 ቀን በኋላ ነው። አርብ ከሆነ ጠዋት ሂዱ፣ ለጁምዓ ይዘጋሉ። "የዛንዚባሩን ዓይነት" በሏቸው፣ ልኬቱን ካርቶን ላይ ጽፈው ግድግዳው ላይ ሰቅለውታል።