ባላንጣዎቹ በአንድ ሣጥን፦ ደብረ ብርሃን የሚሸጠው የሮማ ወርቅ ሳንቲም ቅጂ

አምስት ፍሬ የያዘው ይህ ስብስብ ወርቅ ቅብ ናስ ነው። ለታሪክ ማስተማሪያ የሚፈልገው ሰው ሳያመነታ ይግዛው፤ ወርቅ ነው ብሎ የሚቀርብ ግን እጁን ይሰብስብ። ትልቁ ጥንካሬው ምርጫው ነው። ታዋቂ ቄሳሮችን እንዲሁ አልደረደረም፤ ሥልጣን የተናጠቁትን ሰዎች አገናኝቷል።

ምርጡ ከዩልዮስ ቄሳር ገዳዮች አንዱ የሆነው የብሩተስ ነው። ጀርባው ላይ ሁለት ጩቤ፣ በመካከላቸው ነጻ የወጣ ባሪያ የሚደፋው ቆብ፣ ከሥሩ ደግሞ ቄሳር የተገደለበትን ዕለት (ማርች 15 ቀን፣ ከክ.ል.በ. 44) የሚጠቅስ ጽሕፈት አለ። ገልብጡት፤ የብሩተስ የራሱ መልክ ነው! በሕይወት ሳለ መልኩን በሮም ሳንቲም ላይ ያስቀረጸ የመጀመሪያው ሮማዊ ቄሳር ነበር። ንግሥናን እጠላለሁ ብሎ የገደለው ሰው ሁለት ዓመት ያህል ቆይቶ ያንኑ ደገመው። ተማሪ ይህን በእጁ ይዞ ሲያይ የመምህሩ ማብራሪያ ግማሹ አለቀ ማለት ነው።

የቄሳር ባላንጣ የነበረው የፖምፔ ልጅ፣ የሴክስተስ ፖምፔ ሳንቲምም መልካም ነው፤ በአንድ ፊቱ እሱ፣ በሌላው አባቱና ወንድሙ።

ከቄሳር ሞት በኋላ ሥልጣን የተጋሩት የአንቶኒና የኦክታቪያን ሳንቲም (ከክ.ል.በ. 41) አንዱን በፊት፣ ሌላውን በጀርባ አድርጎ አጋርነታቸውን ያውጃል። ከክ.ል.በ. በ31 ግን በግሪክ ባሕር ዳርቻ፣ አክቲዩም ላይ እርስ በርስ ተዋጉ፤ ከዚያ ኦክታቪያን የግብፅን መያዝ የሚያበስረውን ባለ አዞ ሳንቲም አስመታ። ሣጥኑ ግን እነዚህን ሁለቱን አራርቆ፣ በመካከላቸው የኋላው የሮማ ንጉሠ ነገሥት ኔሮና እናቱ አግሪፒና ፊት ለፊት የሚተያዩበትን የ54 እ.ኤ.አ. ሳንቲም ሸጉጧል። ቅደም ተከተሉ ከተበላሸ ፉክክሩም አይታይምና አውጥታችሁ በዘመናቸው ደርድሯቸው።

መግለጫ ወረቀቱ 8 ግራም ይላል። ለእውነተኛው የቄሳር ዘመን የወርቅ ሳንቲም ይህ ልክ ነው፤ ከአንድ የሮማ ፓውንድ (325 ግራም ገደማ) ወርቅ 40 ይመታ ስለነበር 8 ግራም ገደማ ይመዝናል፤ ኔሮ በ64 እ.ኤ.አ. ወደ 45 ከፍ አድርጎ ክብደቱን ቀነሰው። ቅጂው ግን በዚያው መጠን 3.5 ግራም ያህል ነው፤ ወርቅ ከናስ ከሁለት እጥፍ በላይ ይከብዳልና። ወረቀቱ ይህን መናገር ነበረበት።

ልዩነቱን ለማሳየት 0.01 ግራም የሚያነብ ሚዛን ያስፈልጋል። ሳንቲሙን መዝኑ። ቀጥሎ ውኃ ያለበትን ብርጭቆ ሚዛኑ ላይ አስቀምጡና ዜሮ አድርጉት። ሳንቲሙን በቀጭን ክር አንጠልጥላችሁ ሙሉ በሙሉ አጥልቁት፤ ታቹን ወይም ጎኑን እንዳይነካ፣ ከነካ የራሱ ክብደት ይጨመርበታል። የመጀመሪያውን ቁጥር ለሁለተኛው አካፍሉ። ንጹሕ ወርቅ 19.3፣ ናስ 8.5 አካባቢ ይሰጣል። የአየር አረፋ ከተጣበቀበት ውጤቱ ያንሳል፤ በክሩ ነቅነቅ አድርጋችሁ አራግፉት። 0.1 ብቻ የሚያነብ ሚዛን ለዚህ አይረባም።

ከባዱ ጉድለት ቅጂ መሆኑን የሚናገር ምልክት አለመኖሩ ነው። በየቤቱ ማርትሬዛ ብር በክብር በተቀመጠበት በሰሜን ሸዋ፣ እንዲህ ያለ ነገር ከሣጥኑ ከወጣ ለማታለያ ይውላል። ጠርዙን ዙሪያውን ብታዩ የቅርጹ ሁለት ግማሽ የተጋጠመበት መስመር ይታያል፤ በመዶሻ የተመታ የጥንት ሳንቲም ይህ የለውም። ስትገዙ ሻጩ "ቅጂ" የሚል ቃል ጠርዙ ላይ እንዲያስቀርጽላችሁ ጠይቁ፤ ማንኛውም ብር ሠሪ ይሠራዋል። ስታጸዱም ደረቅ ለስላሳ ጨርቅ ይበቃል፤ በአመድና በሎሚ ከታሸ ቅቡ ለቆ ናሱ ይወጣል።