በጅማ የጭቃ ቤት ላላችሁ ሁሉ፦ የምስጋናና የጥቆማ ጽሑፍ

ጅማ ፈረንጅ አራዳ አካባቢ የሚገኘውን የእናቴን የጭቃ ቤት ግድግዳ አድሰው ላስረከቡን አዛውንት ባለሙያ ምስጋናዬን በአደባባይ ለማቅረብ፣ ተመሳሳይ ቤት ላላችሁም እርሳቸውን ለመጠቆም ይህን ጽፌአለሁ።

ቤቱ ከዚህ ቀደም በሌላ ሠራተኛ እጅ በሲሚንቶ ተለስኖ ነበር። ሲሚንቶ እርጥበትን እንደ ጭቃ ስለማያሳልፍ፣ በስንጥቁ የገባው ውኃ መውጫ አጥቶ የውስጡን ምርጊት አራሰው፤ ሁለት ክረምት እንዳለፈም ልስኑ እንደ ቅርፊት እየተላጠ ወደቀ። የጅማ ዝናብ ደግሞ ሰኔ ገብቶ መስከረም የሚወጣ እንዳልሆነ ታውቃላችሁ።

እኚህ አባት ሲሚንቶውን ካስነሡ በኋላ የባሕር ዛፍ ቋሚዎቹን እግር በመጥረቢያ ጀርባ እየመቱ አንድ በአንድ አዳመጡ። ባዶ ድምፅ የሰጡትን አራቱን ምስጥ ጨርሷቸው ስለነበር አስቀየሩን፤ የአዲሶቹንም እግር የተቃጠለ ዘይት ቀቡት። ቀዩን አፈር ከጤፍ ጭድ ጋር አቡክተው ሦስት ሳምንት ሙሉ ውኃ እየጨመሩና እየረገጡ አቆዩት። እኔ ቸኩዬ «አባቴ፣ ሸተተ እኮ» ብላቸው፣ «ሲሸት ነው ጭዱ የሚታዘዘው» ብለው ዝም አሰኙኝ። በዚህ መሀል በማድ ቤቱ ጀርባ የጭዱ መጠን የሚለያይ ሦስት መዳፍ መዳፍ የሚያህል ጭቃ ለጥፈው ነበር፤ ሲደርቅ ሁለቱ ተሰነጣጠቁ፣ ጭድ የበዛበት ግን የፀጉር ያህል ስንጥቅ አልነበረበትም። ግድግዳው የተመረገው በዚያ ልክ ነው። የመጨረሻውን ልስን፣ ማለትም የተነፋ አፈር፣ አሸዋ፣ ደቃቅ ጭድና እበት፣ ምርጊቱ ደርቆ ስንጥቁን እስኪጨርስ ድረስ አልነኩትም።

ርካሽ ናቸው አልልም፤ የቁሳቁሱ ወጪ ቢያንስም ሥራው ብዙ ቀን ይፈጃል፣ ጠዋትም አርፍደው ይመጣሉ። የጣራው ክፈፍ ረዘም ካላለና የግድግዳው ሥር በድንጋይ ካልተነሣ ሥራ አይቀበሉም፤ እኛንም ሁለቱን አስጨርሰውን ነው የጀመሩት። በዝናብ ወራት ጭቃ አይነኩም።

ስልካቸው እዚህ እንዲወጣ ስላልፈለጉ፣ የሚፈልጋቸው በውስጥ መስመር ይጻፍልኝ። ጭዱን ግን በኅዳርና በታኅሣሥ፣ ከአውድማ ሳይርቅ ገዝቶ ይጠብቃቸው።