የዶሮ መኖ በጅምላ የምትገዙ፣ ጆንያውን ከሥር አስቀድዱት

ጎንደር ውስጥ ጓሯችሁ ውስጥ ጥቂት ዶሮ ለያዛችሁ ሰዎች ነው የምጽፈው። ለንግድ ሳይሆን ለልጆች ደስታና ለጠዋት እንቁላል ለምታረቡት። እኔ ሰባት አሉኝ። ልጄ ለሁሉም ስም አውጥቶላቸዋል፤ ገብስማዋ ብቻ ገብስማ እንደተባለች ቀረች።

ሰኔ መግቢያ ላይ አንድ መጋዘን ሄድኩ። የተከካ በቆሎ፣ ፉርሽካና ፋጉሎ የተቀላቀለ መኖ ከሌላው ቦታ በኩንታል 700 ብር ቀንሶ ይሸጣል። ሻጩ አፉ ማር ነው። «እታለም፣ ክረምት ሲገባ ይወደዳል። ሁለት ኩንታል ውሰጂና እስከ መስቀል ተገላገይ» አለኝ። የጆንያውን አፍ ፈታልኝ። ዘግኜ አየሁት፤ ቢጫ፣ ንጹህ። ሳሩን አይቶ ገደሉን ያላየው በሬ እኔው ነኝ። በባጃጅ ሁለቴ አመላልሼ ቤት አስገባሁት።

ሒሳቡን ያሰላሁት በኋላ ነው። አንድ ዶሮ በቀን የምትበላው ከ100 እስከ 120 ግራም ነው። ሰባቱ ተደምረው ኪሎ አይሞሉም። ሁለት ኩንታል ማለት እኮ የስምንት ወር ቀለብ ነው! መስቀል የት፣ ስምንት ወር የት።

ሐምሌ አጋማሽ ላይ አንደኛው ጆንያ ወደ ታች ሲጎድል ዶሮዎቹ መኖውን በእግራቸው መበተን ጀመሩ። ገብስማ ጭራሽ ጀርባዋን ሰጠችው። እጄን ሰድጄ ከሥር ዘገንኩ። ሽታው ናና ናና ይላል፤ የጆንያው ታችም ቡናማ ብናኝ ለብሷል። ብናኙን ጥቁር ሳህን ላይ እንደ ጉልላት ሹል አድርጌ ከመርኩት። ቡና አፍልቼ ስመለስ ጉልላቱ ተንዷል። ቀረብ ብዬ ሳየው ብናኙ ይንቀሳቀሳል። ማታ ክንዴን ሳክክ አደርኩ።

ነቀዝ መስሏችሁ እንዳትንቁት። ነቀዝ በዓይን ይታያል፣ ዶሮም ለቅማ ትበላዋለች። ይሄኛው ለዓይን የማይሞላ፣ ስምንት እግር ያለው የመኖ ተባይ ነው። ዶሮ ቤት ስንጥቅ ውስጥ ተደብቆ ሌሊት ደም ከሚመጠውም ይለያል። ውሃ አይጠጣም፤ እርጥበቱን ከአየር ነው የሚስበው። የአየሩ እርጥበት ከ70 በመቶ ሲያልፍ ይራባል፤ የእኛ ሐምሌና ነሐሴ ደግሞ ለእሱ ሠርግ ነው። ደህናውን ሙሉ ፍሬ እንደልቡ አይደፍርም። የተሰባበረ እህል፣ ፉርሽካና ዱቄት ግን ቤቱ ነው። እኔ የገዛሁትም እሱኑ ነው። ከሥሩ እንጨት ሳይደረግለት ሲሚንቶ ላይ የተቀመጠ ጆንያ ከሥሩ እርጥበት ይጠጣል፣ አፉ ግን ደረቅ ሆኖ ይቆያል። ለዚህ ነው አፉን ብቻ የሚፈቱላችሁ።

ልመልስ ስሄድ ሰውየው «ከዚህ ስትወስጂው ንጹህ ነበር፤ ቤትሽ ነው ያበላሸው» አለኝ። ይሄስ ይሁን። ከመሳቢያው የነቀዝ መግደያ ክኒን አውጥቶ «ይቺን ጣል አድርጊበትና ጆንያውን እሰሪው» ሲለኝ ነው የደነገጥኩት። ያ ክኒን እርጥበት ሲያገኝ መርዛማ ጋዝ ይለቃል። ሰው የሚተኛበት ቤት ውስጥ ከገባ ነቀዙን ብቻ ገድሎ አያበቃም፤ ቤተሰብ ይጨርሳል። በነጻ ቢሰጧችሁም እንዳትቀበሉ። ልጆች ባሉበት ቤት በጭራሽ!

አሁን የምገዛው የወር ቀለብ ነው፣ 25 ኪሎ ገደማ። በቆሎውን ሙሉ ፍሬ እገዛና የሁለት ሳምንቱን ብቻ ወፍጮ ቤት አስከካለሁ። ፀሐይ ስትወጣ ሰሌን ላይ አሰጣዋለሁ። ጥብቅ ክዳን ያለው የፕላስቲክ በርሜል ገዝቼ ድንጋይ ላይ አስቀምጬዋለሁ። አሮጌው ላይ አዲስ መጨመር ድሮ ቀረ፤ በርሜሉ ባዶ ሲሆን ታጥቦ በደንብ ይደርቃል። ሥሩ ላይ የቀረ አንድ ጭብጥ ብናኝ አዲሱን ይበክለዋላ። ባለሦስት ሽፋኑ አየር የማያስገባ ከረጢት ጥሩ ነው፣ ግን እህሉ ደረቅ ከሆነና በየቀኑ ካልተከፈተ ብቻ። ፍሪዘር ያላችሁ ትንሽ ትንሹን በላስቲክ አስራችሁ ለጥቂት ቀናት አስቀምጡት፣ መብራት ከፈቀደ። ስታወጡት ታዲያ ቅዝቃዜው እስኪለቀው ላስቲኩን አትክፈቱ፤ ላብ ይይዘዋል።

የሻገተውን ግን በፀሐይም በእሳትም አድናለሁ ብላችሁ አትድከሙ። ሻጋታው ቢደርቅ እንኳ መርዙ አይለቅም። እኔ ግማሽ ኩንታል የሚሆነውን ጉድጓድ ቆፍሬ ቀብሬዋለሁ፣ እያንገበገበኝ።

ባለፈው ቅዳሜ ገበያ ወርጄ አንዱን ነጋዴ «ከሥር ቅደድልኝና ልየው» አልኩት። ፊቱን ያጠቁራል ብዬ ነበር። ሳቅ አለና ጆንያውን ገልብጦ በቢላ ጫፍ ስፌቱን ፈታልኝ። ደረቅ ነው፣ ሽታም የለውም። ዋጋው ላይ ሳልከራከር 25 ኪሎዬን አስመዝኜ ተመለስኩ።