ለሲጂ 125 የገዛኋቸው መፍቻዎች፦ የትኛው ገንዘቡን ያወጣል?

ባሕር ዳር ላይ ሲጂ 125 የሚባል ሞተር ብስክሌት እነዳለሁ። የቻይና ሥሪት ነው፤ ሞተሩ ግን ሆንዳ እ.ኤ.አ. በ1976 ካወጣው ሲጂ 125 የተቀዳ ነው። ሆንዳ ያን ሞተር ሲሠራ ያሰበው ዘይት በጊዜው የማይቀየርበትን፣ ጋራዥም የሚርቅበትን አገር ነው። ቫልቮቹን የሚገፋው ዘንግ እንጂ የውስጥ ካቴና ያልሆነውም ለዚህ ነው። እቤቱ ግቢ ውስጥ ሞተሩን ራሱ ለሚጠግን ሰው ከዚህ የተመቸ አላየሁም።

አብዛኛው ሥራ በአሥር፣ በአሥራ ሁለት፣ በአሥራ አራትና በአሥራ ሰባት ቁልፍ ያልቃል። ጣጣው የቀሩት ጥቂት ቦታዎች ላይ ነው። እዚያ ልዩ መፍቻ ከሌለ የሚመዘዘው መዶሻና መሮ ነው። ስለዚህ መፍቻ ለመግዛት ሳስብ ራሴን አንድ ነገር እጠይቃለሁ፤ ይህ ባይኖረኝ በምን እፈታው ነበር? መልሱ «በመሮ» ከሆነ እገዛዋለሁ። «በሌላ ቁልፍ» ከሆነ ብሬን ኪሴ ውስጥ አቆየዋለሁ።

በዚህ ሚዛን ትልቁ የቡሶላ (ዳዶውን ከላይ እንደ ቆብ የሚሸፍነው መፍቻ) ሳጥን ወዲያው ይወድቃል። ሲከፈት ያምራል፤ ሁሉም ነገር ያብረቀርቃል። ግን ግማሹ ለመኪና እንጂ ለሞተር ብስክሌት የማይሆን መጠን ነው። የብዙዎቹ ቡሶላዎች ውስጥ ደግሞ አሥራ ሁለት ማዕዘን ነው። የዛገ ትንሽ ዳዶ ላይ ሲሆን ይንሸራተትና ጠርዙን ይበላዋል። ባለ ስድስት ማዕዘን ቡሶላ ፍሬ በፍሬ ግዙ። ከ8 እስከ 17 ካላችሁ ይበቃል።

አሁን ወደምወደው ልምጣ። ዱባይ የምትሠራው እህቴ የጃፓኑን ቬሰል ካቻቢቴ ይዛልኝ መጣች። «ሜጋዶራ ኢምፓክታ» የሚባለው ነው፤ የ2 ቁጥር የመስቀል ጫፍ ያለው። ቬሰል እ.ኤ.አ. ከ1916 ጀምሮ ያለ የኦሳካ ድርጅት ነው። ይህ ካቻቢቴ ከሌላው የሚለየው በሁለት ነገር ነው።

አንደኛ፣ ጫፉ በጃፓን ደረጃ የተሠራ ነው። ሞተራችን ላይ ያሉት የመስቀል ብሎኖች ብዙዎቹ የጃፓኑን ቅርጽ የተከተሉ ናቸው። አንዳንዶቹ ራሳቸው ላይ ትንሽ ነጥብ አላቸው፤ ምልክቱ ያ ነው። የተለመደው ፊሊፕስ ካቻቢቴ እነዚህ ውስጥ እስከ ታች አይገባም። ስትጫኑት ወደ ላይ ይወጣና የብሎኑን ራስ ይልጠዋል። የካርቡራቶር ብሎን ተልጦ ያያችሁ ምን እንደምል ታውቃላችሁ። የጃፓኑ ጫፍ ግን ጥብቅ ብሎ ይቀመጣል።

ሁለተኛ፣ ኋላውን በመዶሻ ስትመቱት ጫፉ በራሱ ወደ መፍቻው አቅጣጫ 12 ዲግሪ ያህል ይዞራል። ሞተሩን ከገዛሁ ጀምሮ ተነክተው የማያውቁት የጎን ክዳን ብሎኖች በዚህ ተፈቱ። ከዚያ በፊት አንድ ጋራዥ ሁለቱን ልጦ፣ «ይበሳ» ብሎኝ ነበር። አልተበሱም። ካቻቢቴውን አስገብቼ፣ በክብደቴ ተጭኜ፣ በግማሽ ኪሎ መዶሻ መታ መታ አደረግሁት፤ ወጡ። መዶሻው እዚህ የሚያርፈው ለዱላ በተሠራ ዕቃ ላይ ስለሆነ ቅር አይለኝም።

ጉድለቱን ልናገር። ምቱ ለመፍታት ብቻ ነው፤ ለማጥበቅ እንደ ማንኛውም ካቻቢቴ በእጅ ይዞራል። ዋጋውም ከገበያው ካቻቢቴ በብዙ እጥፍ ይበልጣል። ቢሆንም ዛሬ አንድ ብቻ ግዛ ብባል የምገዛው ይህንኑ ነው።

ቀጥሎ ባለ አራት ጥርሱ ቡሶላ። ሲጂ 125 የወረቀት የዘይት ማጣሪያ የለውም። ያለው ከታች ወንፊት፣ በቀኝ በኩል ደግሞ ከክራንኩ (ከሞተሩ ዋና ተሽከርካሪ ዘንግ) ጋር የሚሽከረከር ቆብ ነው። ሲዞር ቆሻሻውን ወደ ግድግዳው ይወረውርና እዚያው ያስቀረዋል። ለጽዳት ከሆነ የቆቡን ክዳን ማንሳት ይበቃል። ሙሉውን ማውጣት ሲያስፈልግ ግን ከውስጥ የሚጠብቃችሁ ዙሪያውን የተከረከመ ክብ ዳዶ ነው። ተራ ቁልፍ አይዘውም። ጋራዥ ውስጥ መሮ አስደግፈው ሲቀጠቅጡት አይቻለሁ። የዳዶው ጥርስ ይደፈጠጣል፤ ስባሪው ወደ ሞተሩ ይገባል፤ ምቱ ደግሞ ክራንኩ ላይ ያርፋል።

መፍቻው ግን እጅግ ርካሽ ነው። ውጩ 24፣ ውስጡ 20 ሚሊ ሜትር የሆነውን ነው የምትፈልጉት። ከመግዛታችሁ በፊት ጥርሱን በትንሽ ሞረድ ጫር አድርጉት። ሞረዱ ከተንሸራተተ ብረቱ በእሳት ጠንክሯል። ከነከሰው ለስላሳ ነውና ለባለሱቁ መልሱለት። እኔ ያገኘሁት ሁለተኛው ሱቅ ውስጥ ነው፤ የመጀመሪያው እንደ እርሳስ ተቆረጠ።

የማግኔቶው ቮላኖ (መብራት የሚያመነጨው ባለ ማግኔት ከባድ ጎማ መሰል ብረት) መንቀያም እንዲሁ የግድ ነው። ቮላኖው ሾጠጥ ባለ ዘንግ ላይ ተጣብቆ የተቀመጠ ስለሆነ በእጅ አይወጣም። ዙሪያውን በመዶሻ ቢደበደብ ማግኔቱ ይሰነጠቃል። መንቀያው በተለያየ ስፋት፣ ወደ ቀኝም ወደ ግራም በሚዞር የብሎን ጥርስ ይመጣል። ለክተው ካልገዙት አይገጥምም።

የቫልቭ ክፍተት መለኪያ ቅጠሎች ላይ ትንሽ ልቆይ። ለሆንዳው ሲጂ 125 የተቀመጠው ክፍተት በቀዝቃዛ ሞተር፣ ለሁለቱም ቫልቮች 0.08 ሚሊ ሜትር ነው። ገበያ ላይ በብዛት የሚገኘው ባለ 20 ቅጠሉ ግን ከ0.05 ተነስቶ በ0.05 እየጨመረ ይሄዳል። 0.05 አለ፣ 0.10 አለ፤ የምንፈልገው የለም! ገዝቶ እቤት ከገባ በኋላ ይህን ማወቅ ያናድዳል። 0.03 ወይም 0.08 የተጻፈበት ቅጠል መኖሩን እዚያው ሱቁ ውስጥ ገልጣችሁ እዩ። 0.03 ካለ ከ0.05 ጋር ይደረባል።

ቶርክ ቁልፍ (የማጥበቂያውን ኃይል በኒውተን ሜትር የሚለካው) ላይ ብዙ ሰው ብሩን ያለ ቦታው ያወጣል። የተለመደው ባለ ግማሽ ኢንች፣ ለመኪና ጎማ የሚሆነው፣ ብዙ ጊዜ ከ28 ኒውተን ሜትር ነው የሚጀምረው። የሞተራችን ክዳኖች ባለ 6 ሚሊ ሜትር ቡሎኖች ግን የሚጠብቁት 10 አካባቢ ነው። አሉሚኒየም ውስጥ ጥርሱን የምናበላሸውም እነዚሁ ላይ ነው። ስለዚህ ከ5 እስከ 25 የሚለካውን ትንሹን ፈልጉ። ለካንዴላም ይሆናል፤ የካንዴላ አምራቹ ኤንጂኬ ለ12 ሚሊ ሜትር ካንዴላ የሚለው ከ15 እስከ 20 ነው። የእኔው የታይዋን ሥሪት ነው፤ «ቀጭ» የሚለው ድምፅ ዝቅ ባለ ቁጥር ላይ ለስለስ ስለሚል በጸጥታ መሥራት ይፈልጋል። ሠርታችሁ ስትጨርሱ ወደ ዝቅተኛው ቁጥር መልሱት፤ ስፕሪንጉ ተጨምቆ አይደር።

የካቴና መቁረጫውን አልመክርም። የእኛ 428 ካቴና በክሊፕ ነው የሚያያዘው፤ ፒንሳ ይፈታዋል። መቁረጫ የሚያስፈልገው አዲሱ ካቴና ሲረዝም ብቻ ነው። ያኔም የፒኑን ራስ በግራይንደር ማስላጥ ይቻላል።

አዲስ አበባ ለምትገዙ፣ አዲሱን ሶማሌ ተራ፣ ያገለገለውን ምናለሽ ተራ ጠይቁ። ያገለገለ የጀርመን ወይም የጃፓን ቁልፍ ከአዲስ ስም የለሽ ቁልፍ ይሻላል፤ ቶርክ ቁልፍን ግን ያገለገለ አትግዙ፣ ልኩ ስለመጠበቁ ማረጋገጫ የላችሁም። ለቮላኖ መንቀያው የጥርሱን ስፋት በካሊፐር ለክታችሁ፣ ወደ ቀኝ ወይም ወደ ግራ መዞሩን ጽፋችሁ ሂዱ። «የሲጂ ስጠኝ» ብቻ ካላችሁ ባለሱቁ እጁ ላይ ያለውን ነው የሚሰጣችሁ።