ሩቅ ኳሳርን በኤክስሬይ ለማየት፦ ቻንድራ ወይስ ኤክስኤምኤም-ኒውተን?

ሁለቱም ቴሌስኮፖች የመጠቁት በ1999 እ.ኤ.አ. ነው። ቻንድራ የናሳ፣ ኤክስኤምኤም-ኒውተን የአውሮፓ ሕዋ ኤጀንሲ ነው።

ከሩቅ ኳሳር (ግዙፍ ጥቁር ጉድጓድ ጋዝ እየዋጠ በጣም የሚያበራበት የጋላክሲ እምብርት) የሚደርሰን ኤክስሬይ እጅግ ጥቂት ነው። ለሰዓታት አነጣጥሮ ጥቂት ፎቶን (የብርሃን ቅንጣት) ብቻ መልቀም የተለመደ ነው። እዚህ ላይ ቻንድራን የሚያክል የለም። የማየት ጥራቱ ግማሽ አርክሰከንድ (አንድ አርክሰከንድ የዲግሪ 1/3600ኛ ነው) ያህል ስለሆነ ፎቶኖቹ አንድ ነጥብ ላይ ይከማቻሉ። ዙሪያው ጭር ያለ ነው። ስለዚህ አምስት ስድስት ፎቶን እንኳ ኳሳሩ መኖሩን ለመናገር ሊበቃ ይችላል! በ2023 እ.ኤ.አ. ይፋ የሆነው፣ ዩኤችዜድ1 በተባለው ጋላክሲ ውስጥ ያለው ጥቁር ጉድጓድ የታወቀው በቻንድራ ኤክስሬይ ነው። የምናየው ከቢግ ባንግ 470 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በኋላ የነበረውን መልኩን ነው። ይህ እስካሁን ይደንቀኛል።

ኤክስኤምኤም-ኒውተን ግን ብርሃን በመሰብሰብ ይበልጣል። ሦስት ቴሌስኮፖች አሉት፤ በእያንዳንዳቸው 58 መስታወቶች አንዱ በሌላው ውስጥ ተደርድረዋል። ኳሳሩ ደመቅ ካለ እኔ የምመርጠው ይህንን ነው። በቂ ፎቶን ሲኖር ስፔክትረሙ (ኤክስሬዩ በኃይል መጠኑ ተከፋፍሎ ሲታይ) ጥቁር ጉድጓዱ በጋዝ መሸፈን አለመሸፈኑን ይነግረናል። ችግሩ ምስሉ ብዥ ይላል። የፕሮቶን ማዕበል (ወደ ቴሌስኮፑ የሚጎርፉ ቅንጣቶች) ሲነሳም ከምልከታው ሰዓት ብዙ ሊባክን ይችላል።