ጂምኒ፣ ቼሮኪ፣ ፓጄሮ ወይስ ዲስከቨሪ? ለጭቃና ለድንጋይ የምትሆን ርካሽ ሁለተኛ መኪና

ዕለት ተዕለት የሚያመላልሳችሁ መኪና ካለ፣ ሁለተኛዋ የምትመረጠው በሌላ ሚዛን ነው። ሥራ የማድረስ ግዴታ የለባትም፤ ልጅ አታመላልስም፤ ታጥባ እንድትቆምም አይጠበቅባትም። ቁጥቋጦ ቢጭራት፣ ድንጋይ ከሥር ቢደልቃት፣ እሑድ ማታ አንድ ነገር ሰብራ ብትመለስ፣ ሰኞ ጠዋት ኑሯችሁ መናጋት የለበትም። ስለዚህ የመግዣ ዋጋዋ ቆይቶ ይመጣል፤ መጀመሪያ የሚጠየቀው ስትሰበር የምታስወጣው ነው። በተገዛበት ቀን ርካሽ መስሎ በሁለተኛው ወር ከዋናው መኪና በላይ ኪስ የሚያራግፍ ፎር ዊል ሞልቷል።

ለንጽጽሩ አራት ያገለገሉ መኪኖችን ይዣለሁ። አራቱም ሎው ማርሽ (ፍጥነት ቀንሶ ለጎማው ጉልበት የሚጨምር ተጨማሪ ማርሽ) አላቸው። ይህን ያልኩት በምክንያት ነው፦ ከኋላቸው «ፎር ዊል» የሚል ተለጥፎባቸው ሎው የሌላቸው የከተማ መኪኖች በዝተዋል። እነሱ ለዝናብና ለኮረኮንች ይበቃሉ፤ ድንጋያማ ዳገት ላይ በእርጋታ መውጣት፣ ቁልቁለት ላይ ፍሬን ሳይነኩ በሞተር ተይዞ መውረድ ግን አይሆንላቸውም። አዲሱን የ2018 ጂምኒም በንጽጽሩ አላስገባሁትም፤ ጥሩ መኪና ነው፣ ዋጋው ግን «ርካሽ ሁለተኛ» አያሰኘውም። ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

| | ሱዙኪ ጂምኒ (3ኛ ትውልድ) | ጂፕ ቼሮኪ (ኤክስጄ) | ሚትሱቢሺ ፓጄሮ (2ኛ ትውልድ) | ላንድሮቨር ዲስከቨሪ (1ኛ) |
|---|---|---|---|---|
| የተመረተበት ዘመን | 1998–2018 | 1984–2001 | 1991–1999 | 1989–1998 |
| ሻንሲ | አለው | የለውም፤ ቦዲው ራሱ ነው የሚሸከመው | አለው | አለው |
| የፊት አክስል | ድፍን (ሁለቱ ጎማ በአንድ ዘንግ የተያያዘ)፣ በሞላ | ድፍን፣ በሞላ | ጎማዎቹ ለየብቻ፣ በቶርሽን ባር (እየተጠማዘዘ እንደ ሞላ የሚሠራ ዘንግ) | ድፍን፣ በሞላ |
| የኋላ አክስል | ድፍን፣ በሞላ | ድፍን፣ በባሌስትራ | ድፍን፣ በሞላ | ድፍን፣ በሞላ |
| ከፊት ጎማ እስከ ኋላ ጎማ | 2250 ሚ.ሜ | 2576 ሚ.ሜ | አጭሩ 2420፣ ረጅሙ 2725 ሚ.ሜ | 2540 ሚ.ሜ |
| ፎር ዊሉ | ሲፈለግ የሚገባ | ሲፈለግ የሚገባ፤ በአንዳንዱ አስፋልት ላይም የሚሠራ | በአብዛኛው አስፋልት ላይም የሚሠራ | ሁልጊዜ ፎር ዊል፣ መሃሉ የሚቆለፍ |

ክብደት

ሠንጠረዡ ላይ ያላስቀመጥኩት ክብደትን ነው፤ ምክንያቱም ከሌላው ሁሉ በላይ እሱ ስለሚወስን ለብቻው መነገር አለበት። ጂምኒ ከአንድ ቶን እምብዛም አትበልጥም። ቼሮኪው አንድ ቶን ተኩል አካባቢ ነው። ረጅሙ ፓጄሮና ዲስከቨሪው ሁለት ቶን ይጠጋሉ።

ይህ ልዩነት ጭቃ ላይ ወዲያው ይታያል። ከባዱ መኪና የላይኛውን ቅርፊት ሰብሮ ይሰምጣል፤ ቀላሏ በላዩ ትንሸራተታለች፣ ታልፋለች። ቢቸገሩ እንኳ አያያዛቸው አይመሳሰልም። ጂምኒ ስትቀረቀር ሁለት ሰው በአካፋ ከጎማዋ ፊት ጭቃውን ዝቆ፣ አንዱ ገፍቶ ሌላው ነድቶ የማውጣት ዕድሉ ሰፊ ነው። ዲስከቨሪ እስከ አክስሉ ሲገባ ዊንች፣ ጠንካራ ገመድ፣ ወይም የሚጎትት ሌላ ትልቅ መኪና ይፈልጋል። ብቻችሁን የምትሄዱ ከሆነ ይህ ነጥብ ከሞተር ጉልበት ይበልጣል።

ክብደት ወጪም ነው። ጎማ በቶሎ ይበላል፣ የፍሬን ሸራ ይጨርሳል፣ ነዳጅ ይጠጣል። የጂምኒ 1.3 ሊትር ቤንዚን ሞተር በ100 ኪሎ ሜትር 8 ሊትር ገደማ ሲበቃው፣ የቼሮኪው ባለ ስድስት ሲሊንደር 4.0 ሊትር ወደ 15 ሊትር ይጠጋል። ናፍጣው ዲስከቨሪ 10 ሊትር አካባቢ ይበቃዋል። ቪ8 የተገጠመለትን ዲስከቨሪ በተመለከተ፣ ድምፁ ያምራል፤ ሁለተኛ መኪና ሆኖ በወር ሁለት ጊዜ ብቻ ቢነዳ እንኳ ማደያው ያውቃችኋል።

አንድ ጎማ ሲንጠለጠል

አገር አቋራጭ ላይ መኪና በአብዛኛው የሚቆመው ጉልበት አጥቶ አይደለም፤ ጎማው መሬት ለቆ ነው። ቦይን ሰያፍ ስትሻገሩ የፊት ግራውና የኋላ ቀኙ ጎማ ይቀልላሉ። ዲፈረንሻሉ (የሞተሩን ኃይል ለጎማዎቹ የሚያከፋፍለው ማርሽ) ካልተቆለፈ ኃይሉ ሁሉ ወደ ቀለለው ጎማ ይሄዳል፤ ያ ጎማ አየር ላይ ይሽከረከራል፣ መኪናው አይነቃነቅም። ነዳጅ መስጠት አቧራ ከማስነሳት ሌላ ፋይዳ የለውም።

እዚህ ላይ ዲስከቨሪው ከአራቱ ይበልጣል። ሞላው ረጅም ነው፣ አክስሉ እንደ ልቡ ይዘነበላል፤ ሌሎቹ ጎማ የሚያነሱበት ቦታ ላይ እሱ አራቱንም መሬት ላይ ያቆያል። ከ1970 ሬንጅ ሮቨር የወረሰው ነገር ነው። የመሃል ዲፈረንሻሉን በማንሻ ስትቆልፉት ደግሞ ፊትና ኋላ እኩል ይጎትታሉ። ቼሮኪው ቀጥሎ ይመጣል። ጂምኒ ድፍን አክስል ቢኖራትም አጭርና ቀላል ስለሆነች ጎማ ታነሳለች፤ ትንሽ ፍጥነት ይዞ በመግባት ይካሳል።

ፓጄሮ የፊት ጎማው ለየብቻ ስለሚንቀሳቀስ ቶሎ ያነሳል። በዚህ ምክንያት ብዙዎች ይንቁታል፤ እኔ ግን ንቀቱ የተጋነነ ይመስለኛል። የኋላ ዲፍሎክ (ዲፈረንሻሉን የሚቆልፍ) ከፋብሪካ ተገጥሞላቸው የወጡ አሉ፤ እንዲህ ዓይነቱ ከተገኘ ጎማው ተንጠልጥሎም በዝግታ ይሳባል። ስለዚህ ሁለት ፓጄሮ ጎን ለጎን ቀርቦላችሁ አንዱ አዲስ ቀለም፣ ሌላው የኋላ ዲፍሎክ ያለው ከሆነ፣ ቀለሙን ተዉት።

እስከ ጭቃው ድረስ ያለው መንገድ

መዝናኛችሁ ከቤት 20 ኪሎ ሜትር ላይ ከሆነ ይህን ክፍል መዝለል ትችላላችሁ። 200 ኪሎ ሜትር አስፋልት ነድታችሁ የምትደርሱ ከሆነ ግን ጂምኒ ታደክማለች። ጉልበቷ 80 ፈረስ ገደማ ነው፤ በ100 ፍጥነት ሞተሯ ይጮሃል፣ ነፋስ ያወዛውዛታል፣ ዳገት ላይ ከጭነት መኪና ጋር ትሰለፋለች። አራት ሰው ከተቀመጠባት ለዕቃ የሚተርፈው ከኋላ መቀመጫው ጀርባ ያለች ጠባብ ክፍተት ብቻ ናት፤ ድንኳንና ውኃ አይታሰብም። ለሁለት ሰው ግን የኋላውን መቀመጫ አጥፎ በቂ ነው።

ቼሮኪው በተቃራኒው አስፋልት ላይ ይበርራል። ከ1991 ወዲህ ያለው 4.0 ሞተር 190 ፈረስ ጉልበት አለው፤ አውቶማቲክ ካምቢዮውም አይሲን ሠራሽና በጥንካሬው የተመሰከረለት ነው። ፓጄሮ ምቾቱ ከሁሉም ይሻላል። ሱፐር ሴሌክት የሚባለው የፎር ዊል ማንሻው እየነዳችሁ ከሁለት ጎማ ወደ አራት እስከ 100 ኪሎ ሜትር ፍጥነት ድረስ ይቀየራል፤ መሃሉ ላይ ዲፈረንሻል ስላለው ደረቅ አስፋልት ላይም አይጎዳውም። ጂምኒ ላይ ይህን አትሞክሩት። ተራው የቼሮኪ ፎር ዊልም እንደዚያው ነው፤ ደረቅ አስፋልት ላይ አስገብታችሁ ስትታጠፉ መሪው ይከብዳል፣ ትራንስፈሩ (ኃይሉን ለፊትና ለኋላ የሚያከፋፍለው የማርሽ ሳጥን) ይጨነቃል። የቼሮኪው ማንሻ አጠገብ «ፉል ታይም» የሚል ምልክት ካለ ግን ችግር የለም፤ ያንን ስታገኙ ትንሽ ብትጨምሩበት አይቆጭም።

ምኑ ይበላሻል?

ጂምኒ ላይ ስሙ የሚነሳው የመሪ መንቀጥቀጥ ነው። ከ70 እስከ 80 ፍጥነት አካባቢ ጉድጓድ ስትመቱ መሪው ከእጅ ሊያመልጥ እስኪደርስ ይርገፈገፋል። ሻጩ «ጎማ ባላንስ ነው» ይላል፤ አንዳንዴ እውነቱን ነው። ለማጣራት የፊቱን በክሪክ አንሱ፣ ጎማውን ከላይና ከታች ይዛችሁ ወደ ውስጥና ወደ ውጭ ነቅንቁ። ከተንቀሳቀሰ የጎማው ኩሽኔታ ወይም አክስሉ ጫፍ ላይ ያሉት የኪንግ ፒን ኩሽኔታዎች አልቀዋል። አንድ ሰው ፍሬን ይርገጥላችሁና ደግማችሁ ነቅንቁ፤ አሁንም ከተንቀሳቀሰ ጥፋቱ ኪንግ ፒኑ ጋ ነው። ኩሽኔታዎቹ ውድ አይደሉም፤ ዋጋ ለማስቀነስ ግን ያገለግላሉ። ሁለተኛው ነገር፣ የፊት ጎማዎቹን ከአክስሉ ጋር የሚያያይዘው ሎክ በአየር ግፊት የሚሠራ ነው፤ ቀጫጭን የጎማ ቱቦዎቹ ሲሰነጠቁ የፎር ዊሉ መብራት በርቶ ፊቱ አይጎትትም። በእጅ በሚዞር ሎክ መቀየር ይቻላል፤ እኔም የምመክረው ያንኑ ነው።

ቼሮኪ ሻንሲ ስለሌለው ዝገት ሲይዘው መኪናው ራሱ ነው የሚሞተው። ምንጣፉን ከሾፌሩ እግር ሥር ገልጣችሁ በጣት ተጫኑት፤ ላሜራው ከረገበ ተመለሱ። የማቀዝቀዣ ሥርዓቱም ደካማ ጎኑ ነው፤ ሎው ላይ በዝግታ ዳገት ሲወጣ ሙቀቱ ይጨምራል። የ2000 እና የ2001 ምርት ከሆነ ተጨማሪ ጥንቃቄ ያስፈልጋል፦ በዚያ ጊዜ ከተገጠሙት ቴስታታዎች (የሞተሩ የላይኛ ክፍል) ውስጥ በሦስተኛውና በአራተኛው ሲሊንደር መካከል የሚሰነጠቁ አሉ። የዘይት መክደኛውን ከፍታችሁ ውስጡ ወተት የመሰለ አረፋ ካያችሁ ውኃና ዘይት ተቀላቅሎ ሊሆን ይችላል። በተረፈ ይህ ሞተር አይሞትም የሚባለው ያለ ምክንያት አይደለም።

ፓጄሮ ላይ ጥያቄው ሞተሩ የትኛው እንደሆነ ነው። 2.8ቱ ናፍጣ ታይሚንጉ በካቴና ነው፤ 2.5ቱ በቺንጋ ነው፣ ሲሞቅም ቴስታታው ይሰነጠቃል። እኔ 2.8ቱን እመርጣለሁ። 3.0 ቪ6 ቤንዚኑ ጠዋት ሲነሳ ሰማያዊ ጭስ ከሰጠ የቫልቭ ጎሚኖቹ ደርቀዋል፤ ብዙ ጊዜ ሞተር ማውረድ አያስፈልገውም፣ ሻጩ ግን ያንን ላያውቅ ይችላል፤ እናንተም አትንገሩት።

ዲስከቨሪው መፍቻ መያዝ ለሚወድ ሰው ነው። ውጪው አሉሚኒየም ስለሆነ ንጹሕ መስሎ ይታያል፤ ከሥሩ ያለው ብረት ግን ይበላል። የኋላውን ምንጣፍ አንሱ፤ የዕቃ መጫኛው ወለል ላይ መሬት የሚያሳይ ቀዳዳ ማግኘት የተለመደ ነው። የበር ደፎቹም እንደዚያው። ብየዳ ከምትችሉ ወይም ከሚችል ሰው ጋር ከሆናችሁ ይህ የዋጋ መቀነሻ ነው፤ ካልሆነ የማያልቅ ሥራ ነው። ከ1994 ወዲህ ያለው 300ቲዲአይ ናፍጣ፣ በእጅ ካምቢዮ ከሆነ፣ ኤሌክትሮኒክስ የሌለበት ስለሆነ መንገድ ላይ መጠገን ይቻላል፤ የታይሚንግ ቺንጋው መቼ እንደተቀየረ ግን ደረሰኝ ጠይቁ። የመጀመሪያዎቹ ላይ ቺንጋው ወደ ጎን እየተበላ ይበጠስ ነበር።

በዚህ ሁሉ ሚዛን እኔ አንድ ወይም ሁለት ሰው ሆኖ ለሚሄድ ጂምኒን እመርጣለሁ፤ ሌሎቹ ሦስቱ ከእሷ ጋር ለመወዳደር የተለየ ምክንያት ማቅረብ አለባቸው። ቤተሰብ መጫን ምክንያት ነው፤ ያኔ ረጅሙ 2.8 ፓጄሮ። ረጅም አስፋልት ምክንያት ነው፤ ያኔ ዝገት የሌለው ቼሮኪ። ዲስከቨሪ የሚገዛው ግን ምክንያት አይጠየቅም፣ ወድዶት ነው። ለላዳ ኒቫም ቦታ አለኝ፦ ከ1977 ጀምሮ የተመረተ፣ ከፊት ጎማ እስከ ኋላ ጎማ 2200 ሚሊ ሜትር ብቻ የሆነ፣ ሁልጊዜ ፎር ዊል፣ መሃሉ የሚቆለፍ፣ ሎው ያለው ቀላል መኪና። መለዋወጫው አጠገባችሁ ካለ ከጂምኒም ሊረክስ ይችላል። ከሌለ አትነካኩት።

ከመክፈላችሁ በፊት

ከያዛችሁት ገንዘብ ሲሶውን አታሳዩ። ዘይቶቹን ሁሉ ለመቀየር፣ ለጎማ፣ ለባትሪና ፍተሻው ላይ ላልታየው ነገር ይሄዳል። ጎማ ከሁሉም ቅድሚያ አለው። ጥሩ ጥርስ ያለው ጎማ ተራዋን ጂምኒ ከፍ ከተደረገ፣ ግን የላሸ ጎማ ከለበሰ ኒሳን ፓትሮል ያስቀድማታል። አሸዋ ወይም ለስላሳ ጭቃ ላይ ከ30 ወደ 18 ፒኤስአይ ማስተንፈስ ደግሞ ገንዘብ የማይጠይቅ ማሻሻያ ነው፤ መልሶ መንፊያ ግን መያዝ ይጠይቃል።

ቀድሞ በሌላ ሰው ከፍ የተደረገ መኪና አልገዛም። ሞላው ተቀይሮ የካርዳኑ (ኃይሉን ወደ አክስሉ የሚወስደው ዘንግ) አቅጣጫ ሳይስተካከል ይቀራል፣ መኪናው ይንቀጠቀጣል፣ ምክንያቱን ፍለጋ ወር ይፈጃል። እንደ ፋብሪካው ያለውን ገዝቶ ቀስ በቀስ መሥራት ይረክሳል። ሲቆምም እንዲሁ አይቆምም፤ በሁለት ሳምንት አንዴ አስነስታችሁ፣ ፎር ዊሉን ለስላሳ መሬት ላይ አስገብታችሁ ትንሽ ንዱት፤ አለዚያ ፍሬኑ ይያያዛል፣ ጎሚኖቹ ይደርቃሉ።

ለሙከራ ስትሄዱም ቦታውን እናንተ ምረጡ፤ አፈር ወይም ሣር ይሁን። ሎው አስገቡ፣ በአንደኛ ማርሽ እግራችሁን ከነዳጅ ላይ አንሥታችሁ ይሂድ፤ ማርሹ ከወጣ ወይም ከሥር ግጭት ከተሰማ ትራንስፈሩ ሥራ አለበት። ሻጩ «ፎር ዊሉ ይሠራል፣ እኔ ግን አስገብቼው አላውቅም» ካለ፣ እንደማይሠራ ቆጥራችሁ ዋጋ ስጡ።