ስቴኪኒዎቼን ነቅለው ድምፁን ለመለሱልኝ ጋሼ

ይህን የምጽፈው ለማመስገን ነው። ደግሞም አሮጌ አምፕሊፋየር ታቅፎ የት እንደሚወስደው ለጨነቀው ሰው ልጠቁም ብዬ ነው።

ነገሩ የጀመረው በአባቴ ሸክላዎች ነው። ማጫወቻውን አገኘሁ፣ አምፕሊፋየር ግን ቸገረኝ። የዛሬዎቹ ብዙዎቹ የሸክላ መግቢያ የላቸውም። ከመርፌው የሚመጣው ሲግናል በጣም ደካማ ስለሆነ፣ በተራው መግቢያ ብትሰኩት የትንኝ ድምፅ ነው የምትሰሙት። ስለዚህ «ፎኖ» የሚል መግቢያ ያለው አሮጌ የጃፓን ስሪት ፍለጋ ሚናለሽ ተራ ገባሁ። አገኘሁም። ሻጩ በአንድ ስፒከር አሰማኝና ከፍዬ ወጣሁ። በአንድ! ያኔ ነበር መንቃት የነበረብኝ።

ቤት ወስጄ ስሰካው የግራው ስፒከር ይመጣል፣ ይጠፋል። ሽቦውን ጫን ሳደርገው ይመጣል፤ ስለቀው ድርግም። ተርሚናሎቹ ሽቦውን በስፕሪንግ ነክሰው የሚይዙ ዓይነት ናቸው። እኔም እንደ አዋቂ በየቀዳዳው ስቴኪኒ ሸጎጥኩበት። ሁለት ሳምንት ሠራልኝ። ከዚያ ሰው በአጠገቡ ባለፈ ቁጥር መቆራረጥ ጀመረ።

መጀመሪያ የወሰድኩበት ባለሙያ ክዳኑን እንኳ ሳይፈታ «ትራንዚስተሩ ተቃጥሏል፣ 6 ሺህ ብር» አለኝ። ተቃጥሎማ ቢሆን ሽቦውን ስጫነው ለምን ይመጣል? ይዤው ወጣሁ።

ጋሼ ጋ የላከኝ ጓደኛዬ ነው። ድሮ ፒያሳ ነበሩ፤ በ2016 ሰፈሩ ሲፈርስ ሽሮ ሜዳ አካባቢ አንዲት ጠባብ ክፍል ገቡ። አምፕሊፋየሩን አዙረው ጀርባውን አዩ። ስቴኪኒዎቹን አንድ በአንድ ነቅለው ጠረጴዛው ላይ ደረደሩ። አራት ናቸው።

«ልጄ፣ ጥርስህን የምትጎረጉረው እዚህ ነው?»

ምን እላለሁ? ሳቅሁ።

ከዚያ የሁለቱን ስፒከሮች ሽቦ ግራና ቀኝ አቀያየሩ። ችግሩ ከሽቦው ጋር አልሄደም፣ እዚያው ግራ ተርሚናል ላይ ቀረ። «ስፒከርህም ሽቦህም ከደሙ ንጹህ ናቸው» አሉኝ። ይህችን ማንም ሰው ቤቱ ሊሞክራት ይችላል፣ አጥፍቶ ብቻ ይቀይር።

ክዳኑን ግን ለባለሙያ ተዉት። ትልልቆቹ ካፓሲተሮች ከሶኬት ከተነቀሉ በኋላም ኃይል ይዘው ይቆያሉ። ጋሼ በሬዚስተር አራግፈው፣ በቴስተር ለክተው ነው እጃቸውን ያስገቡት። ከዚያ ማጉያ መነጽር ሰጡኝና «እየው» አሉኝ። ተርሚናሉ ቦርዱ ላይ በተበየደበት፣ በእግሩ ዙሪያ የፀጉር ያህል የቀጠነች ክብ ስንጥቅ አለች። ለካ ሉዝ ኮንታክት የምንለው ይህች ናት!

ምክንያቱን ሲያሳዩኝ ደግሞ ይበልጥ ገረመኝ። ተርሚናሉን ከጀርባው ቆርቆሮ ጋር የምታስረው ብሎን የለችም። ቀድሞ የከፈተው ሰው ሳይመልሳት ቀርቷል። ስለዚህ ሽቦ በተጫነ ቁጥር ጉልበቱን የሚሸከመው ብየዳው ብቻ ነበር። የእኔ ስቴኪኒም እያገዘ ይሰነጥቀው ነበር ማለት ነው።

የተርሚናሉን ስምንት እግሮች አሮጌ ሶልደር መጠው አወጡና እንደ አዲስ በየዱ። የደከመውን ስፕሪንግ ከሞተ አምፕሊፋየር አውጥተው ቀየሩ። በአልኮል ጠረጉ። ብሎኗን አሰሩ። ሥራው አለቀ ስል የእኔን ስፒከሮች አላስነኩኝም። በመጀመሪያ በባዶው አብርተው በቴስተር ለኩ፤ በሁለቱም በኩል ጥቂት ሚሊቮልት ብቻ ነው። ከፍ ያለ ዲሲ (እንደ ባትሪ በአንድ አቅጣጫ ብቻ የሚሄድ ኤሌክትሪክ) ከወጣ ስፒከሩን ያቃጥላልና። ቀጥሎ ለሙከራ ብለው ባስቀመጡት ቅራቅንቦ ስፒከር አሰሙ። የእኔ ተራ የደረሰው ከዚያ ወዲያ ነው።

የሽቦዬንም ጫፍ አንድ ሴንቲ ያህል ልጠው ጠበቅ አድርገው ገመዱት። አንዲት ክር ከቀዩ አምልጣ ጥቁሩን ከነካች፣ ያ የመጀመሪያው ሰውዬ ያለው ነገር እውነት ይሆናል አሉኝ።

የጠየቁኝ 700 ብር ነው። ቮልዩሙ ሲዞር ይንኮሻኮሽ ነበር፣ እሱን በነጻ አጸዱልኝ። የቀረውን «ጤነኛ ነው፣ አትነካካው» ብለው ዘጉት። ልጨምርልዎት ብላቸው ተቆጡ።

እውነቱን ለመናገር ቀጠሮ ላይ እምብዛም ናቸው። ረቡዕ ያሉኝ ቅዳሜ ነው ያለቀው። ስልክም ቶሎ አያነሱም። ችኩል ሰው ባይሄድ ይሻላል።

ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልኝ። ዕድሜ ይስጥዎት።

ስማቸውን አደባባይ እንዳላወጣው ስለነገሩኝ፣ አድራሻቸውን የፈለገ በውስጥ ይጠይቀኝ። ከጠዋቱ 4 ሰዓት በፊት አይገቡም። ስትሄዱ የስፒከር ሽቦዎቻችሁን አብራችሁ ያዙ፣ ማየታቸው አይቀርም። ስቴኪኒ ካለበትም ቀድማችሁ ንቀሉት። የእኔን አራቱን በፌስታል ቋጥረው መልሰውልኛል።